ሥራ ስንለቅ የትኛውን መንገድ እንምረጥ? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ሠራተኞች የቀረበ ንጽጽር

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከታች ካለው ፋብሪካ የለቀቀ ሰው በላይኛው ከተማ ሆቴል ወይም የግል ክሊኒክ ሲቀጠር፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከቀድሞ አለቃው ጋር የአንድ ቅሬ፣ ማለትም የአንድ ዕድር፣ አባል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ስለ አዲሱ ሠራተኛ ይጠይቃል፣ ሌላውም የሚያውቀውን ይናገራል። ወሎ ውስጥ ሥራ መልቀቅ ይቻላል፤ ከሰዎቹ ጋር መገናኘቱ ግን አይቀርም።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ለ11 ዓመታት ስሠራ የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚደርሰው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነበር። አንዱ መብቱ የሆነውን ገንዘብ ትቶ ይሄዳል። ሌላው ሳያስረክብ ወጥቶ ዋሱን ዕዳ ውስጥ ይከታል። ሌላዋ ደግሞ ዛሬውኑ እንድትወጣ ሕግ የሚፈቅድላት ከባድ በደል ደርሶባት ሳለ፣ ሳታውቅ 30 ቀን ስትሰቃይ ትቆያለች። ሦስቱንም ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ሦስቱም መንገዶቹን አስቀድሞ በማወዳደር ሊቀሩ የሚችሉ ጉዳቶች ነበሩ።

መንገዶቹ አራት ናቸው፦ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ፣ ከአሠሪ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ መለያየት፣ ሕጉ በዘረዘራቸው ከባድ ምክንያቶች ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ፣ እና ሳይናገሩ መቅረት። አራተኛውን ከአማራጭ መቁጠር ያሳዝናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በተግባር የሚመርጠው እሱን ስለሆነ ልዘለው አልችልም።

የምጠቅሰው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለፋብሪካ፣ ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለግል ትምህርት ቤትና ለመሳሰሉት ሠራተኞች ያገለግላል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በመንግሥት ትምህርት ቤት የተቀጠረ ሰው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሚተዳደር የጊዜውንና የክፍያውን ጉዳይ ከዚያ ይመልከት። የሥራ መሪ የሆኑ ኃላፊዎችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ የእነርሱ ነገር በቅጥር ውላቸውና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። ስለ ርክክብና ስለ ስንብት ንግግር የምለው ግን ለሁሉም ይሆናል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ገንዘብ ቀዳሚው ነው። የሚለቅ ሰው ሦስት ዓይነት ክፍያ ሊኖረው ይችላል፦ የሠራበት ቀሪ ደመወዝ፣ ያልወሰደው የዓመት እረፍት በገንዘብ ተተምኖ፣ እና የሥራ ስንብት ክፍያ። የዓመት እረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። ክፍያዎቹ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለባቸው፤ ሠራተኛው በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት ለመመለስ ከዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ወረቀት ነው። የሠሩትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ክሊራንስ ደግሞ በእጅዎ የቀረ ንብረትና ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ነው። የጡረታ ነገርም አይረሳ፤ ከደመወዝዎ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ሲዋጣ የኖረው ከአገልግሎት ዘመንዎ ጋር ስለሚቆጠር የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይውጡ።

ሦስተኛው ዋስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአካባቢያችን ንብረት ጠባቂ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሽያጭ ሠራተኛና ሾፌር ያለ ዋስ አይቀጠርም። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ ነው። አንድ ወጣት ንብረት ጠባቂ ነበር፤ ታታሪ ልጅ። የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ ለጥበቃ ሰጥቶ ሄደ። ቆጠራ የተደረገው ከሦስት ወር በኋላ ነበር፤ ጉድለት ተገኘ። ጉድለቱ በእሱ ጊዜ ይሁን ከእሱ በኋላ በሩን በከፈቱት ሰዎች ጊዜ፣ ርክክብ ስላልነበረ መለየት አልተቻለም። ደብዳቤው የሄደው ለዋሱ፣ ለአክስቱ ነበር። አስተማሪ ናቸው። ደብዳቤውን አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡና፣ «ልጄ፣ ልጁ ሌባ አይደለም፤ ታዲያ እኔ የምከፍለው የምኑን ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ሌባ ነው ያለ የለም፤ ሳያስረክብ ስለሄደ ነው» አልኳቸው። መልሱ ለእርሳቸውም ለእኔም አልበቃም። በየወሩ ከደመወዛቸው እየከፈሉ ዕዳውን ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው «ዋስዎ ማን ነው?» ብዬ ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው፦ በስንት ቀን መውጣት ይቻላል፣ አዲሱ ሥራስ ስንት ቀን ይጠብቃል? አምስተኛው ስም ነው፤ ስለ እሱ መግቢያው ላይ የተናገርኩት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። የአሠሪው ፈቃድም አያስፈልገውም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። «አለቃዬ አልለቅህም አለኝ» እያሉ ወር ሙሉ የሚጨነቁ ሰዎች ይመጡብኝ ነበር። አለቃ ቅር ሊለው፣ ሊለምን፣ ደመወዝ ልጨምር ሊል ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ ግን ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም።

ስለዚህ ዋናው ነገር መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ወደ መዝገብ ቤት ይሂዱ፤ አንዱ ገቢ ይደረጋል፣ በሌላው ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አስደርገው ወደ ቤትዎ ይወስዱታል። አልቀበልም ከተባለ በአደራ ፖስታ መላክ ይቻላል። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፣ ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ። ሚያዝያ 1 ቀን የገባ ደብዳቤ ግንቦት 1 ቀን ይሞላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ነሐሴ ላይ ነው፤ ጳጉሜን ትቆጠራለች። ነሐሴ 20 የገባ ማስጠንቀቂያ፣ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን መስከረም 15 ያልቃል።

የዚህ መንገድ ድካም በመካከል ያለው ወር ነው። አንዳንዱ ክፍል የሚለቀውን ሰው እንደ ከዳተኛ ያየዋል፤ ሰላምታ ይቀዘቅዛል፣ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል። ይህን መቻል ያስፈልጋል። አዲሱ አሠሪም ወር አልጠብቅም ሊል ይችላል። የቀድሞ ሥራዎን በሥርዓት ለማስረከብ 30 ቀን እንደሚያስፈልግዎ ሲነግሩት የሚቆጣ አሠሪ ካጋጠመዎ፣ ወደዚያ ቤት ከመግባትዎ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያስቡ እመክራለሁ።

ተስማምቶ መለያየት

ሁለቱ ወገኖች ከ30 ቀን ባጠረ ወይም በረዘመ ጊዜ ለመለያየት ሊስማሙ ይችላሉ። አዋጁ ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በተጨማሪም ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም መተውን ዋጋ አይሰጠውም። ስለዚህ «የእረፍቴን ክፍያ አልጠይቅም ብለህ ከፈረምክ ዛሬ እለቅሃለሁ» የሚል ወረቀት ሲቀርብልዎ አይደናገጡ፤ አለመፈረሙ ግን ይሻላል።

በእኔ ግምት ኃላፊነት ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ ሰኔ አጋማሽ ላይ ከመውጣት ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ መውጣት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። መምህር ፈተና ታርሞ ውጤት ከገባ በኋላ ቢለቅ ተማሪዎቹ አይንገላቱም። በአንጻሩ አዲሱ ሥራ በ10 ቀን ጀምር ካለና የሚተካዎት ሰው አጠገብዎ ካለ፣ አሠሪው ጊዜውን ሊያሳጥርልዎ ይችላል።

አደጋው በቃል መቅረቱ ነው። «ሂድ፣ አብሽር፣ ምንም የለም» ብሎ የሸኘ አለቃ ከሁለት ወር በኋላ ተዛውሮ ሊሄድ ይችላል፤ ተተኪው የሚያየው ማህደሩን ነው፣ ማህደሩ ደግሞ «ከሥራ ቀርቷል» ይላል። የአለቃው ደግነት እውነተኛ ቢሆንም ሁለት መስመር ጽሑፍና ማኅተም ይጨመርበት።

ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ

አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት ወይም ጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የለቀቀበትን ምክንያትና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይታገዳል።

ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ነው፤ ስጽፈውም ልቤ ይቃጠላል። በደሉን በአፋቸው ለመናገር ይሉኝታ ይይዛቸውና ደብዳቤው ላይ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብለው ይጽፋሉ። በዚያች ሐረግ ምክንያት ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማስረጃ በራሳቸው እጅ ይዳከማል። እህቶቼ፣ ያላጠፋችሁት ጥፋት አያሳፍራችሁም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተፈጸመውንና አቤት ያላችሁለትን ኃላፊ ጻፉ። ክብርን በሚነካ ድርጊት፣ በትንኮሳ ወይም በአደጋ ምክንያት የለቀቀ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ከሆነ 5 ዓመት ባይሞላውም የስንብት ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ከመጻፋችሁ በፊት የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩን፣ ከሌለ የከተማውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ ነገር ግን 15 ቀኑ እየሄደ መሆኑን አትርሱ።

የአለቃ ግልምጫ፣ የሥራ መደራረብ ወይም የእድገት መከልከል ብቻውን እዚህ መደብ ውስጥ አይገባም። ለእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ይበቃሉ።

ሳይናገሩ መቅረት

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬና ከሌሎች ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች መጥተው ተቀጥረዋል። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ የደመወዝ ሥራቸው ነው፤ መልቀቅ ሥርዓት እንዳለው የነገራቸው የለም። አንዲት ልጅ ለምን ሳትናገር እንደቀረች ስጠይቃት «ተቆጣጣሪዬ ደግ ሰው ናት፤ ፊቷን አይቼ ልሄድ ነው ማለት አፈርኩ» አለችኝ። ንቀት አልነበረም፤ አክብሮት መንገድ ሲያጣ እንዲህ ይሆናል።

ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ከሕግ ውጭ ውሉን ያቋረጠ ሠራተኛ ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ መጠኑ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፣ የሚቆረጠውም ካለው ቀሪ ክፍያ ላይ ነው። ዋስ ይጠየቃል። የሥራ ልምድ ለመጠየቅ እግር ያፍራል። አንድ ቀን ፈጅቶ ደብዳቤ ማስገባት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቀድመው ከቀሩ ደግሞ ይመለሱና ያነጋግሩ። የሠሩበት ደመወዝ በመቅረትዎ አይጠፋም። ነገር ግን ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዙ የክፍያ ጥያቄዎች በ6 ወር ውስጥ ካልቀረቡ በይርጋ ይታገዳሉ።

በአንድ እይታ

| መለኪያ | የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ | የጽሑፍ ስምምነት | ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በሕጋዊ ምክንያት | ሳይናገሩ መቅረት |
|---|---|---|---|---|
| የመውጫ ጊዜ | 30 ቀን | እንደ ስምምነቱ | ወዲያውኑ | ወዲያውኑ |
| ቀሪ ደመወዝና እረፍት | ይከፈላል | ይከፈላል | ይከፈላል | ካሳ ሊቆረጥበት ይችላል |
| የስንብት ክፍያ | ከ5 ዓመት በኋላ | ከ5 ዓመት በኋላ፤ ስምምነቱ ላይ ይጻፍ | በክብር መነካት፣ በትንኮሳና በአደጋ፣ 5 ዓመት ሳይጠበቅ | አይታሰብም |
| ርክክብና ዋስ | በቂ ጊዜ አለ | ከሁሉም የተሻለ | ጊዜ ያጥራል፤ ምስክር ባለበት ይደረግ | ዋሱ ይጋለጣል |
| ስም | ይጠበቃል | ይጠበቃል፣ ይጨምራልም | ምክንያቱ በግልጽ ከተጻፈ ይጠበቃል | ይጎዳል |

እንደየሁኔታዎ

በሙከራ ጊዜ ላይ ከሆኑ፣ ማለትም ከተቀጠሩ 60 የሥራ ቀናት ካልሞላዎት፣ ማስጠንቀቂያ አይጠበቅብዎትም። ቢሆንም ለአለቃዎ በአካል ተናግረው አጭር ደብዳቤ ይተዉ።

ከወር ወር በደመወዝ ብቻ የሚኖሩ ከሆነ የአዲሱን ቤት የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ ሳይጨብጡ ማስጠንቀቂያ አያስገቡ። «ና፣ ቦታው ያንተ ነው» የሚል ስልክ ቅጥር አይደለም። አዲሱ ቤት ሲገቡም የሙከራ ጊዜው እንደገና ይጀምራል፤ ስለዚህ ደመወዙ ጥቂት መቶ ብር ብቻ የሚበልጥ ከሆነ ያለዎትን ዋስትና ከሚያገኙት ጭማሪ ጋር ያስተያዩ።

አገልግሎትዎ 5 ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ቀን ይቁጠሩ። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 9,000 ብር የሚከፈለው ሰው 4 ዓመት ከ10 ወር ላይ ቢለቅ ከዚህ ክፍያ ምንም አያገኝም። 2 ወር ታግሦ 5 ዓመት ቢሞላው 9,000 ብርና አራት ጊዜ 3,000 ብር፣ በድምሩ 21,000 ብር ያህል ከግብር በፊት ይደርሰዋል። በ2 ወር ትዕግሥት ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚያስገኝ ሌላ ነገር አላውቅም።

የባንክ ሠራተኛ ሆነው ለሠራተኛ በሚታሰብ ዝቅተኛ ወለድ የቤት ወይም የመኪና ብድር ካለብዎት፣ ወይም ድርጅቱ አሠልጥኖዎት ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብለው ከፈረሙ፣ ከማንም በፊት ውልዎን ያንብቡ። ስትለቁ ወለዱ ስንት ይሆናል? ቀሪው የማገልገል ጊዜ በገንዘብ ሲተመን ስንት ነው? እነዚህን ሳያውቁ ደብዳቤ ማስገባት አይገባም። ለእንዲህ ያለ ሰው የጽሑፍ ስምምነቱ መንገድ ይመረጣል።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ሁሉ ሳይጨርስ መኪና አይሳፈር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የስንት መሥሪያ ቤት ማህደር እንደ ጠፋ የምናውቅ ሰዎች ነን። «ፋይሉ እዚያ አለ» ተብሎ የሚታመንበት ዘመን አልፏል፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በቤትዎ፣ ፎቶውም በስልክዎ ይኑር።

ንግግሩ፣ ደብዳቤውና ርክክቡ

አለቃዎ ወሬውን ከሌላ ሰው ከሰማ ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር አይጠግነውም። ስለዚህ ለሥራ ባልደረባ ከመንገርዎ በፊት አለቃዎን ለብቻቸው ያግኟቸው። በቡና ሰዓት ሰው በተሰበሰበበት አይሁን። «ጋሼ፣ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ማስጠንቀቂያዬን ነገ አስገባለሁ፤ ሥራዬን ለማን እንደማስረክብ ይንገሩኝ» ማለት ይበቃል። የስድስት ዓመት ቅሬታ ያለው ሰው በዚያ ቀን ሊያወጣው ይፈልጋል። ቅሬታው እውነት ከሆነ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በረጋ መንፈስ ይነገር።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ... ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል። ጉዳዩ፦ በራሴ ፈቃድ ሥራ ስለመልቀቅ። ከ... ቀን ጀምሮ በ... የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቻለሁ። ከሚያዝያ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታሰብ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራዬን የምለቅ ስለሆነ፣ በእጄ ያለውን ንብረትና ሰነድ የሚረከበኝ ሰው እንዲመደብ፣ ቀሪ ክፍያዬና የሥራ ልምድ ማስረጃዬም እንዲዘጋጅልኝ እጠይቃለሁ። እስካሁን ለተሰጠኝ የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ።»

ርክክቡ ማስጠንቀቂያው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። በመጨረሻው ቀን የሚደረግ ቆጠራ ጉድለት ቢያሳይ ለማጣራት ጊዜ የለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ቢታይ ግን ደረሰኙ የት እንደገባ መፈለግ ይቻላል። አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙ፤ ቁልፍ፣ ማኅተምና የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ሳይቀር ይመዝገብ። በጅምር ያለውን ሥራ አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለተረካቢው ይስጡ። ያን ገጽ የተወልኝን አንድ የጥገና ሠራተኛ እስከ ዛሬ በመልካም አነሳዋለሁ።

ክሊራንሱ ካለቀ በኋላ አንድ ወረቀት ይቀራል፤ ዋስዎ ከዋስትና ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ። ድርጅቱ በራሱ ላያስታውሰው ስለሚችል እርስዎ ይጠይቁ። ሲያገኙትም በሰው አይላኩት። ቤታቸው ድረስ ይዘው ሄደው በእጃቸው ይስጧቸው።